«ክርክሩ ይተላለፍ»፦ የ2008ቱ ጥያቄና የሕዝቡ ምላሽ

የአንባብያን ጥያቄ፣ የአዘጋጆች መልስ

ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ስለሆኑ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጉዳዩ የ2008ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ነው። የሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩ የነበሩት ሴናተር ጆን ማኬይን ከዴሞክራቱ ባራክ ኦባማ ጋር የሚያደርጉት የመጀመሪያ ክርክር ሁለት ቀን ሲቀረው ይተላለፍ ብለው ጠየቁ። ቀናቱና ዓመታቱ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ የዋሽንግተን ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ ወሬውን እንጂ ቅደም ተከተሉን አላውቀውም። ማኬይን መቼ፣ ምን ብለው ጠየቁ? ክርክሩስ ተካሄደ ወይስ ቀረ?

ተካሂዷል፤ ያውም በተያዘለት ቀንና ሰዓት።

ሴፕቴምበር 15 ቀን ሌማን ብራዘርስ የተባለው የኢንቨስትመንት ባንክ መክሰሩን ገልጾ ለፍርድ ቤት አመለከተ። በማግስቱ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ለመድን ኩባንያው ኤአይጂ የ85 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ። ሳምንቱ ሳያልቅ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሄንሪ ፖልሰን የፋይናንስ ተቋማትን ለመታደግ 700 ቢሊዮን ዶላር የሚጠይቅ፣ ሦስት ገጽ ብቻ የሆነ ረቂቅ ለኮንግረስ ላኩ። ክርክሩ የተቀጠረው ደግሞ ለዓርብ ሴፕቴምበር 26 ምሽት 3 ሰዓት፣ ሚሲሲፒ ግዛት ኦክስፎርድ ከተማ በሚገኘው የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

ረቡዕ ሴፕቴምበር 24፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ኦባማ ለማኬይን ደወሉ፤ ስለ ቀውሱ የጋራ መግለጫ እናውጣ ለማለት ነው። ማኬይን መልሰው የደወሉት ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ኦባማ በመግለጫው ላይ እንደተስማሙ ቆጥረው ስልኩን ዘጉ። ማኬይን ግን 9 ሰዓት ሳይሞላ ኒውዮርክ ላይ ካሜራ ፊት ቆመው ቅስቀሳቸውን ለጊዜው እንደሚያቆሙ፣ ወደ ዋሽንግተን እንደሚመለሱና የዓርቡ ክርክር እንዲተላለፍ እንደሚፈልጉ አስታወቁ። የኦባማ መልስ የመጣው ወዲያው ነው፦ ፕሬዚዳንት የሚሆን ሰው ከአንድ በላይ ጉዳይ በአንድ ጊዜ መያዝ ይጠበቅበታል፣ ክርክሩ ይካሄድ።

ሐሙስ 10 ሰዓት ላይ ፕሬዚዳንት ቡሽ፣ ሁለቱ ዕጩዎችና የምክር ቤት መሪዎች ዋይት ሐውስ ተሰብስበው ያለ ስምምነት ተለያዩ። ዓርብ ጠዋት የማኬይን ቅስቀሳ ቡድን ዕጩው ወደ ኦክስፎርድ እንደሚሄዱ ገለጸ። ሰኞ ሴፕቴምበር 29 የተወካዮች ምክር ቤት ረቂቁን 228 ለ205 ሲጥለው የዳው ጆንስ የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ በአንድ ቀን ከ777 ነጥብ በላይ ወረደ። ሕጉ የጸደቀው ኦክቶበር 3 ነው። ማኬይን ለመከራከር ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ የመታደጊያው ስምምነት ላይ መደረስ ነበርና፣ ቅድመ ሁኔታው ሳይሟላ ክርክሩ ላይ ተገኙ ማለት ነው። ከዚህ በታች የምንለው አብዛኛው ነገር የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሕዝቡ በእርግጥ ምን አለ? «ሁሉም ሳቀባቸው» የሚሉም አሉ፣ «ሕዝቡ ተረድቷቸው ነበር» የሚሉም አሉ።

ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው። በዚያው ረቡዕ ሰርቬይ ዩኤስኤ የተባለው ድርጅት በመላ አገሪቱ 1,000 አዋቂዎችን ጠይቆ ነበር። ክርክሩ እንደታቀደው ይካሄድ ያሉት 50 በመቶ ናቸው። ይካሄድ፣ ግን ትኩረቱ ወደ ኢኮኖሚው ይዙር ያሉት 36 በመቶ። ይተላለፍ ያሉት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቅስቀሳው ራሱ ይቁም ወይ ለሚለው ደግሞ አዎ ያሉት 14 በመቶ ናቸው። የዓርቡ ክርክር ቢቀር ለአሜሪካ መጥፎ ነው ያሉት 46 በመቶ ሆኑ።

ብዙ ሰው የሚጠቅሰው 10 በመቶውን ነው። እኛ ግን ቆም ብለን የምናየው 36 በመቶውን ነው። እነዚህ ሰዎች የማኬይንን ምርመራ ተቀብለው መድኃኒቱን የመለሱ ናቸው፤ ቀውሱ ከባድ ነው፣ ስለዚህ ስለ ቀውሱ ተከራከሩልን ነው ያሉት። የዓርቡ ርዕስ በስምምነት የውጭ ጉዳይና የአገር ደኅንነት ነበር። ማኬይን «ቀኑ ይጠበቅ፣ ርዕሱ ይለወጥ» ብለው ቢሆን ኖሮ ከሦስት ሰው አንዱን ከሚበልጥ ክፍል ጎን በቆሙ ነበር፤ «እንደታቀደው» ካሉትም ብዙዎቹ አይቃወሙም። በተግባር የሆነውም ይኸው ነው። አወያዩ ጂም ሌረር የመጀመሪያውን ጥያቄ በገንዘብ ቀውሱ ከፈቱ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይም በእሱ ላይ ቆዩ። ለዚህ ማስተላለፍ አላስፈለገም።

ሳቁ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ማኬይን በዚያው ረቡዕ በዴቪድ ሌተርማን የምሽት ፕሮግራም ሊቀርቡ ቀጠሮ ነበራቸው። ወደ ዋሽንግተን እየተጣደፍኩ ነው ብለው ሰረዙ። ሌተርማን ፕሮግራሙን እየቀረጸ ሳለ ማኬይን እዚያው ኒውዮርክ፣ በዚያው በሲቢኤስ ጣቢያ፣ ከጋዜጠኛ ኬቲ ኩሪክ ጋር ለሚደረግ ቃለ መጠይቅ ፊታቸው እየተዋበ መሆኑን የውስጥ መስመሩ ላይ አየ፤ ምስሉንም ለተመልካች አሳየ። ማኬይን ያን ሌሊት ኒውዮርክ አደሩ፣ በማግስቱ ጠዋትም እዚያው በቢል ክሊንተን ድርጅት ጉባኤ ላይ ንግግር አድርገው ነው የሄዱት። «ቆመ» የተባለው ቅስቀሳ ቃል አቀባዮች በቴሌቪዥን መቅረባቸውን አላቋረጡም። ዓርብ ጠዋት ደግሞ ዕጩው መሄዳቸው ገና ሳይረጋገጥ «ማኬይን ክርክሩን አሸነፉ» የሚል የቅስቀሳ ማስታወቂያ በአንድ ታዋቂ ጋዜጣ ድረ ገጽ ላይ ብቅ አለ።

ሰው ምክንያቱን አልናቀም፤ ቀውሱ እውነተኛ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር። የመዘነው ከመግለጫው በኋላ ባሉት ሰዓታት የሆነውን ነው። «አስቸኳይ ነው» ያለ ሰው እንደ አስቸኳይ ካልሄደ ምክንያቱ ሰበብ ይመስላል።

ጥያቄ፦ መግለጫው በተሰጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የተሠራ ጥናት ምን ያህል ይታመናል? 1,000 ሰው 300 ሚሊዮንን ይወክላል?

የአገሩ ሕዝብ ብዛት ስሌቱን አይለውጠውም፤ የሚለውጠው የናሙናው መጠንና የአመራረጡ ሁኔታ ነው። የስህተት ህዳጉን፣ ማለትም ውጤቱ ከእውነተኛው ቁጥር ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ የሚችልበትን መጠን፣ ራስዎ ማውጣት ይችላሉ። የናሙናውን ስኩዌር ሩት ይውሰዱ፣ 98ን ለእሱ ያካፍሉ። የ1,000 ስኩዌር ሩት 31.6 ገደማ ስለሆነ ውጤቱ 3.1 ነጥብ ይሆናል። ይህ ግን 50 በመቶ አካባቢ ላለ ቁጥር ነው። ለትናንሽ መቶኛዎች ህዳጉ ይጠብባል፦ ለ36 በመቶው 3 ነጥብ፣ ለ10 በመቶው 1.9 ነጥብ ገደማ። ስለዚህ «ይተላለፍ» ያሉት በእርግጥ ከ8 እስከ 12 በመቶ መካከል ናቸው ቢሉ ብዙ አይሳሳቱም። ከሌሎቹ ጋር ያለው ርቀት ይህን ያህል ሲሰፋ የስህተት ህዳግ ላይ መከራከር ትርፍ የለውም።

መከራከር የሚገባው በሌሎች ነጥቦች ላይ ነው። አንደኛ፣ የተጠየቁት አዋቂዎች እንጂ የተመዘገቡ ወይም ድምፅ ይሰጣሉ ተብለው የተለዩ መራጮች አይደሉም። ሁለተኛ፣ በአንድ ምሽት የሚሠራ ጥናት የሚያገኘው ያን ምሽት ስልክ ያነሳውን ሰው ነው፤ በሥራ ላይ ያለው፣ መልሶ ቢደወልለት የሚገኘው ሰው ይቀራል። ለዚህ ነው ጥንቁቅ አጥኚዎች ሦስት አራት ምሽት የሚወስዱት። ሦስተኛውና ዋናው፣ በመጀመሪያው ሰዓት ሰው የሚመልሰው ስለ ውሳኔው ብቻ ነው። ስለ ሌተርማን፣ ስለ ዋይት ሐውሱ ስብሰባ፣ ስለ ዓርቡ መመለስ ገና አልሰማም። የረቡዕ ቁጥር የረቡዕ ነው፤ ዓርብ ላይ «ሕዝቡ እንዲህ ይላል» ብሎ መጥቀስ ስህተት ነው።

ከክርክሩ በኋላ በሚወጡ ፈጣን ጥናቶችም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ሲኤንኤን ክርክሩን የተመለከቱ ሰዎችን ጠይቆ 51 በመቶ ኦባማ፣ 38 በመቶ ማኬይን የተሻሉ ነበሩ አሉ። ነገር ግን ከተጠየቁት ተመልካቾች 41 በመቶ ዴሞክራት፣ 27 በመቶ ሪፐብሊካን ነበሩ፤ ጣቢያው ራሱ ይህን ገልጿል። በዚህ ዓይነት ጥናት ናሙናው ማን ቴሌቪዥን እንደከፈተ ያሳያል እንጂ አገሩን አያሳይም። ሲቢኤስ ገና ያልወሰኑ መራጮችን ለይቶ ሲጠይቅ ኦባማ 39፣ ማኬይን 24፣ እኩል ናቸው ያሉ 37 በመቶ ሆኑ። የሚጠቅመው ይህኛው ነው እንላለን፤ ምክንያቱም የተጠየቁት ሰዎች ገና ልባቸው ያልቆረጠ ነው።

ጥያቄ፦ ማኬይንን ምርጫውን ያሳጣቸው ይህ ጥያቄ ነው ይባላል። ትስማማላችሁ?

አንስማማም። ቀኖቹን ይመልከቱ። ማኬይን ከፓርቲያቸው ጉባኤ በኋላ፣ በሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ በጋለፕ ዕለታዊ ጥናት ኦባማን እስከ 5 ነጥብ ይመሩ ነበር። መሪነቱን ያጡት በወሩ አጋማሽ፣ ሌማን በወደቀበት ሳምንት ነው። ክርክሩ ይተላለፍ ባሉበት በዚያው ረቡዕ የወጣው የኤቢሲና የዋሽንግተን ፖስት ጥናት ኦባማን 52 ለ43 አስቀድሞ ነበር። ጥያቄው መሪነቱን አላሳጣቸውም፤ መሪነቱን ካጡ በኋላ የመጣ ነው፤ ተቺዎቻቸውም «ውጤቱን ለመቀየር የተጣለ ዕጣ ነው» ያሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ የማኬይን ዋና መከራከሪያ ልምድና መረጋጋት ስለነበር ነው። በሦስት ቀን ውስጥ አቆማለሁ፣ አልከራከርም፣ እከራከራለሁ ማለት በትክክል ያንን መከራከሪያ መታው። ኖቬምበር 4 ኦባማ በ52.9 በመቶ ለ45.7፣ በመራጮች ጉባኤ በ365 ለ173 አሸነፉ። ከዚህ ልዩነት ውስጥ ስንት ነጥቡ የክርክሩ ጥያቄ እንደሆነ ለይቶ የሚያወጣ ስሌት የለም፤ ያው ሳምንት ገበያውም እየወደቀ ነበርና።

ጥያቄ፦ ለምን ማንም አልደገፋቸውም? አገር ችግር ላይ እያለ ክርክር ማስቀደም ያስመሰግናል?

ደጋፊ አልጠፋም። የቀድሞው የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ኒውት ጊንግሪች ውሳኔውን አድንቀው በ1952 ዕጩ የነበሩት አይዘንሃወር ወደ ኮሪያ እሄዳለሁ ካሉት ቃል ጋር አነጻጽረውታል። ከተቃራኒው ወገን ቢል ክሊንተን እንኳ በቅን ልቦና ያደረጉት ነው ብለው ተከላከሉላቸው። ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም፦ ማኬይን ከክርክር የሚሸሹ ቢሆኑ በጁን ወር ለኦባማ አሥር ሳምንታዊ የሕዝብ መድረክ ክርክሮች እናድርግ ብለው ባላቀረቡ ነበር። እምቢ ያሉት ኦባማ ናቸው።

በሌላ በኩል የገዛ ፓርቲያቸው ሰው ማይክ ሀከቢ ክርክሩን ለመተው ማሰባቸው ትልቅ ስህተት ነው አሉ። የሚሲሲፒው ሪፐብሊካን ገዥ ሄሊ ባርበርም ዝግጅቱ ይቀጥላል በሚለው ጸኑ፤ ግዛታቸው የጠበቀውን እንግዳ ሊያሳልፉት አልፈለጉም። በሴኔት የዴሞክራቶቹ መሪ ሃሪ ሪድ ደግሞ የፕሬዚዳንት ምርጫ ፖለቲካ ወደ ድርድሩ ክፍል መግባቱ አይጠቅምም አሉ። የጥያቄው ደካማ ጎን ይኼ ነው። ሁለቱም ዕጩዎች ሴናተሮች ቢሆኑም ረቂቁን የሚያረቁት ኮሚቴዎች አባላት አልነበሩም። «ሄጄ ምን እሠራለሁ?» ለሚለው የተዘጋጀ መልስ አልነበረም።

አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። ክርክሩ የተያዘበት የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ በ1962 ጄምስ ሜሬዲት የተባለ ጥቁር ተማሪ ሊመዘገብ ሲመጣ ሁከት ተነስቶ ሁለት ሰው የሞተበት ግቢ ነው። በአንድ ትልቅ ፓርቲ ለፕሬዚዳንትነት የታጨ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እዚያ መድረክ ላይ ሊቆም ነበር። ለአካባቢው ሰው «ሌላ ቀን» የሚለው ቃል ለሌላው እንደሚሰማው አልተሰማውም።

ጥያቄ፦ ክርክር የማስተላለፍ ሥልጣን ያለው ማን ነው? አንዱ ቢቀር ሌላው ብቻውን መቅረብ ይችላል?

በአሜሪካ ዕጩን እንዲከራከር የሚያስገድድ ሕግ የለም። በ2008 አዘጋጁ የፕሬዚዳንታዊ ክርክሮች ኮሚሽን ነበር፤ በ1987 የሁለቱ ፓርቲዎች ሊቀ መናብርት ያቋቋሙት፣ መንግሥታዊ ያልሆነ፣ ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት ነው። ቦታና ቀን ይመርጥ፣ አወያይ ይሰይም ነበር። ዕጩዎቹ ግን በተወካዮቻቸው በኩል ዝርዝሩን ይደራደሩ ነበር። በዚያ ዓመት ለማኬይን ሴናተር ሊንዚ ግራም፣ ለኦባማ የተወካዮች ምክር ቤት አባሉ ራም ኢማኑኤል ነበሩ የተደራደሩት። የመጀመሪያው ክርክር የአገር ውስጥ ጉዳይ እንዲሆን ኮሚሽኑ ያቀደውን ገልብጠው የውጭ ጉዳዩን ያስቀደሙት እነሱ ናቸው። በሌላ አነጋገር ርዕስ በስምምነት ይለወጣል፤ ቀንም እንዲሁ፣ ሁለቱ ከተስማሙ። አንዱ ብቻውን ግን ማስተላለፍ አይችልም፤ መቅረት ብቻ ነው የሚችለው።

ቀን መቀየር በወረቀት ቀላል ነው፣ በተግባር ግን ጠባብ ነው። ከሴፕቴምበር 24 እስከ ምርጫው 41 ቀን ነበር። በዚያ ውስጥ ኦክቶበር 2 የምክትሎቹ ክርክር በሴንት ሉዊስ፣ ኦክቶበር 7 በናሽቪል፣ ኦክቶበር 15 በኒውዮርክ ሆፍስትራ ዩኒቨርሲቲ ተይዘዋል። የዓርቡን ክርክር የሚያስተናግደው የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ወደ 5.5 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል፣ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ጋዜጠኞች ይጠበቃሉ፣ ትልልቆቹ ጣቢያዎች መደበኛ ፕሮግራማቸውን አንስተው 90 ደቂቃ ለቀዋል፣ በአንዳንድ ግዛቶችም ድምፅ መስጠት ተጀምሯል። የማኬይን ቡድን የዓርቡን ወደ ኦክቶበር 2 እናዙረው፣ የምክትሎቹ ወደ ሌላ ቀን ይሂድ የሚል ሐሳብ ሲያቀርብ ጥርጣሬውን አባባሰው። ምክትላቸው ሣራ ፔሊን ከኬቲ ኩሪክ ጋር ያደረጉት አስቸጋሪ ቃለ መጠይቅ መተላለፍ የጀመረው በዚያው ረቡዕ ነበርና፣ «የሚሸሸው የማን ክርክር ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሳ።

ብቻ መቅረብን በተመለከተ፣ የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ደንብ በድርጅቶች ገንዘብ የሚዘጋጅ ክርክር ቢያንስ ሁለት ዕጩ እንዲኖረው ያዛል። አንድ ሰው ብቻ ከቆመ ክርክሩ ለዚያ ሰው የተሰጠ መዋጮ ሊባል ይችላል። መውጫው መልኩን መቀየር ነው፦ ጋዜጠኛ የሚመራው እውነተኛ የዜና ቃለ መጠይቅ በ1934ቱ የኮሙኒኬሽን ሕግ አንቀጽ 315 ለተፎካካሪዎች እኩል የአየር ጊዜ ከመስጠት ግዴታ ነጻ ነው። የኦባማ ቡድንም ማኬይን ቢቀሩ ምሽቱ ወደ ሕዝብ መድረክ ወይም ወደ ቃለ መጠይቅ ይለወጥ የሚል ሐሳብ ነበረው። መቅረት ማለት ለተፎካካሪ 90 ደቂቃ አየር መስጠት ሊሆን ይችላል፤ ዓርብ ጠዋት ውሳኔውን ያስለወጠው አንዱ ስሌት ይህ ይመስለናል።

ጥያቄ፦ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የዘገየ ወይም የቀረ ክርክር አለ?

አለ። በ1980 ክርክር ያዘጋጅ የነበረው የሴት መራጮች ማኅበር በግል የሚወዳደሩትን ጆን አንደርሰን በመጋበዙ ፕሬዚዳንት ካርተር ሴፕቴምበር 21 በባልቲሞር አልተገኙም። ባዶ ወንበር ይቀመጥ ተብሎ ነበር፣ ተተወ። የሪፐብሊካኑ ዕጩ ሮናልድ ሬገን ከአንደርሰን ጋር ተከራከሩ። ካርተርና ሬገን የተገናኙት ኦክቶበር 28 በክሊቭላንድ፣ ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። መዘግየቱ ካርተርን ጎዳ፤ የሬገን ጥሩ ምሽት በመራጩ አእምሮ ትኩስ እያለ ምርጫው ደረሰ፣ ማስተካከያ ሁለተኛ ዙር አልነበረም።

በ1992 አባት ቡሽ የኮሚሽኑን የአንድ አወያይ አቀራረብ ባለመቀበላቸው ሴፕቴምበር 22 በሚሺጋን የታቀደው ቀረ። ከዚያ በኋላ በየቅስቀሳው የዶሮ ልብስ የለበሱ ሰዎች ይከተሏቸው ጀመር፤ በአሜሪካኖች ዘንድ ዶሮ ማለት ፈሪ ነው። ፕሬዚዳንቱ ከዶሮዎቹ ጋር እስከ መመላለስ ደረሱ። በመጨረሻ ሦስት ክርክሮች ከኦክቶበር 11 እስከ 19 ተጨናንቀው ተካሄዱ።

በ2020 ትራምፕ ኮሮና መያዛቸው ከታወቀ በኋላ ኮሚሽኑ የኦክቶበር 15ቱ በርቀት ይሁን አለ። ትራምፕ በዚያው ቀን እምቢ አሉ፤ ቡድናቸው ወደ ኦክቶበር 22 እና 29 ይዙር ብሎ ጠየቀ፣ የባይደን ወገን 29ኙን አልተቀበለም፣ ክርክሩ ተሰረዘ። ሁለቱ በያሉበት ጣቢያ በአንድ ሰዓት ቀረቡ፤ ባይደንን 14.1 ሚሊዮን፣ ትራምፕን በሦስት ጣቢያዎች ተደምሮ 13.5 ሚሊዮን ሰው አየ። ለንጽጽር፣ የ2008ቱን የዓርብ ክርክር 52.4 ሚሊዮን ሰው ተመልክቶታል።

ጥያቄ፦ በአንድ ዕጩ ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። በእርግጥ ማስተላለፍ የሚያስፈልግበት ምክንያት ቢገጥመን እንዴት እንጠይቅ?

መጀመሪያ ለተፎካካሪው ወገን ይደውሉ። ከአዘጋጁ በፊት፣ በተለይም ከካሜራ በፊት። የጋራ ጥያቄ ከሆነ ለአዘጋጁ እምቢ ለማለት ይከብዳል፣ ለሕዝቡም መሸሽ አይመስልም። ሌላው ወገን እምቢ ካለ ሳይናገሩ መተው ይቻላል፤ ካሜራ ፊት ከተናገሩ በኋላ ግን መተው ሽንፈት ነው።

ሁለት አማራጭ ቀን ይዘው ይሂዱ፤ አዳራሹ፣ አወያዩና ጣቢያዎቹ በእነዚያ ቀናት ነጻ መሆናቸውን አስቀድመው ያጣሩ። ቀኖቹ ድምፅ መስጠት ከሚጀመርበት በፊት ይሁኑ፣ የሌላ ሰው ተራም አይንኩ። የትራምፕ ቡድን ቀን ይዞ ቀርቦም ያልተሳካለት አንዱ ቀን ምርጫው አምስት ቀን ሲቀረው ስለነበርና እምቢታው በቴሌቪዥን ከጥያቄው ስለቀደመ ነው። «ስምምነት እስኪደረስ» የሚለውን ዓይነት ቅድመ ሁኔታ ፈጽሞ አያስገቡ። በእጅዎ ያልሆነን ነገር ቅድመ ሁኔታ ካደረጉ፣ ባይሟላ ወይ ይቀራሉ ወይ ቃልዎን ያጥፋሉ። ማኬይን የገቡበት ይኸው ነው።

«ቅስቀሳ አቁመናል» ካሉ ሁሉም ይቁም፤ ማስታወቂያው፣ ቃል አቀባዩ፣ የገንዘብ ማሰባሰቢያው፣ የመዝናኛ ፕሮግራሙ ሁሉ። ማስታወቂያ በአንድ ስልክ አይቆምም፤ ለየጣቢያው በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠይቃል፣ የተያዘው ሰዓት እስኪነሳም ይተላለፋል። ስለዚህ ትእዛዙ ከመግለጫው በፊት መውጣት አለበት። ይህን ማድረግ ካልቻሉ «አቁመናል» አይበሉ፤ «የዕጩውን ጉዞ ሰርዘናል» ይበሉ። የዕጩውን ቀጣይ 24 ሰዓት በወረቀት ያስፍሩ፤ በውስጡ ከተሰጠው ምክንያት ጋር የሚጋጭ አንድ ቀጠሮ ካለ ያንን መጀመሪያ ይሰርዙ። ለተሰረዘውም እውነተኛውን ምክንያት ይንገሩት።

ዝግጅቱን አያቋርጡ። የ2008ቱ የዓርብ ክርክር አሠራር ዘጠኝ ክፍል፣ እያንዳንዱ ዘጠኝ ደቂቃ ነበር፤ ለየዕጩው ሁለት ሁለት ደቂቃ፣ ቀሪው አምስት ደቂቃ ነጻ ምልልስ። ይህ በልምምድ የሚገኝ ነገር ነው። ጥያቄው ውድቅ ከሆነ መድረኩ ላይ መውጣትዎ አይቀርምና የሁለት ቀን ልምምድ ማጣት በሁለት በኩል መክሰር ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ደግሞ ክርክር እናዘጋጃለን። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሕዝቡን መጠየቅ ብንፈልግ እንዴት እንጠይቅ?

በመጀመሪያ ለጋዜጠኛ የሚሰጠው መልስ አጭር ይሁን፦ ዝግጅቱ በዕቅዱ መሠረት እየቀጠለ ነው። ኮሚሽኑ ረቡዕ ያለው ይህንኑ ነው፤ አልተከራከረም፣ በር አልዘጋም፣ ግፊቱን ግን ወደ ጠያቂው መለሰ።

ጥያቄውን ሲያወጡ ምክንያቱን ከውስጡ ያስወጡ። «አገር ቀውስ ላይ ሳለች ክርክሩ ቢተላለፍ ይደግፋሉ?» ማለት መልሱን አስይዞ መጠየቅ ነው፤ «ዕጩው ከክርክር መሸሹን ይደግፋሉ?» ማለትም እንዲሁ። «የዓርቡ ክርክር እንደታቀደው ይካሄድ፣ ርዕሱ ተለውጦ ይካሄድ፣ ወደ ሌላ ቀን ይተላለፍ ወይስ ይቅር?» የሚለው ይሻላል። መሃሉን አማራጭ ካወጡት ከሦስት አንዱን የሚበልጠው ሰው ሳይፈልግ ወደ አንዱ ጎን ይገፋል፣ የተገኘውም ቁጥር ከእውነቱ የከረረ ይሆናል። የአማራጮቹን ቅደም ተከተል ለግማሹ ተጠያቂ ገልብጠው ያንብቡ፤ በስልክ መጨረሻ የተሰማው አማራጭ ይመረጣልና። የሚደግፉትን ዕጩ የሚጠይቀውን ጥያቄ ከዚህ በኋላ እንጂ በፊት አያድርጉት፤ ስሙን ቀድሞ የጠራ ሰው ቀሪውን የሚመልሰው ለስሙ ጠበቃ ሆኖ ነው።